የአማርኛ ቪዲዮ ርዕስ፣ መግለጫና ታግ፦ በፍለጋ የመገኘት ዳሰሳ

አንድ ቪዲዮ ዩቲዩብ ላይ ሲጫን ሦስት የጽሑፍ ቦታዎች ይከፈቱለታል። ርዕሱ እስከ 100 ቁምፊ፣ መግለጫው እስከ 5000፣ ታጎቹ በድምሩ እስከ 500 ቁምፊ ይይዛሉ። ታምብኔይል የሚባለው የፊት ምስልም አለ፤ የእሱ ሥራ ግን የሚጀምረው ቪዲዮው ተፈልጎ ከተገኘ በኋላ ነው። ፈላጊው ሁለት ሦስት ቃል ጽፎ ሲልክ መጀመሪያ የሚገናኙት የእሱ ቃላትና ባለቻናሉ የጻፋቸው ቃላት ናቸው። ካልተገናኙ የቀረጻው ጥራት፣ የድምፁ ጥርት፣ የተደከመበት ሌሊት ሁሉ ፈላጊው ዘንድ ሳይደርስ ይቀራል። በአማርኛ ይህ ጉዳይ የተለየ ክብደት አለው። አንዱ የአማርኛ ቃል በብዙ መልክ ይጻፋል፤ ጻፊው አንዱን፣ ፈላጊው ሌላውን መልክ ከመረጡ በአንድ መንገድ ላይ እየሄዱ ይተላለፋሉ።

ዩቲዩብ በ2005 እ.ኤ.አ. በሦስት የቀድሞ የፔይፓል ሠራተኞች፣ በቻድ ሃርሊ፣ በስቲቭ ቼንና በጃዌድ ካሪም ተመሠረተ። የመጀመሪያው ቪዲዮ ካሪም በሳንዲያጎ የእንስሳት ማቆያ ዝሆኖች ፊት ቆሞ የሚታይበት የ19 ሰከንድ ቀረጻ ነው፤ ርዕሱም የት እንዳለ ብቻ የሚናገር አራት የእንግሊዝኛ ቃላት ነው። ጉግል ድርጅቱን በ2006 በ1.65 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። በእነዚያ ዓመታት ታግ ለተመልካች ይታይ ስለነበር አንዱ የሌላውን ገልብጦ መለጠፍ የተለመደ ነበር። ቪዲዮ ወደ ላይ የሚወጣውም በዋናነት ስንት ጊዜ ተከፈተ በሚለው ቁጥር ነበር። በ2012 ሁለቱም ተለወጡ። ታግ ከተመልካች ዓይን ተሰወረ፤ ቪዲዮው ስንት ጊዜ ተከፈተ ከሚለው ይልቅ ምን ያህል ጊዜ ታየ የሚለው መለኪያ ቦታውን ያዘ።

ይህ ለውጥ የርዕስን ሥራ ከሥሩ ነክቶታል። ከዚያ ወዲህ ሰው አታልሎ የሚያስከፍት ርዕስ ራሱን የሚጎዳ ሆነ፤ ከፍቶ ወዲያው የሚወጣ ተመልካች ቪዲዮውን ወደ ታች ይጎትተዋልና። ኩባንያው የፍለጋ ውጤት የሚደረደርባቸውን መመዘኛዎች ሲገልጽ ሦስት ነገሮችን ያነሳል፦ ርዕሱ፣ መግለጫው፣ ታጉና ይዘቱ ከተጠየቀው ጋር መዛመዱ፤ ሰዎች ለዚያ ጥያቄ ቪዲዮውን ምን ያህል መመልከታቸው፤ የቻናሉ ታማኝነት በጉዳዩ ላይ። በዚህ ላይ የፈላጊው የራሱ የፍለጋና የእይታ ታሪክ ይጨመራል። ጽሑፉ በር ይከፍታል፤ ከበሩ በኋላ ያለውን የሚወስነው ቪዲዮው ራሱ ነው።

የአማርኛ ፈላጊ የሚጽፈው በአብዛኛው ዓረፍተ ነገር ሳይሆን የስም ሐረግ ነው፦ «የዶሮ ወጥ አሠራር»፣ «የፓስፖርት እድሳት»፣ «የ12ኛ ክፍል ፊዚክስ»፣ «የልጆች ተረት»። አንዲት የወጥ ቤት ባለሙያ የዶሮ ወጥ አሠራሯን ቀርጻ «ዘንድሮ ለበዓል እንግዶቼን ሁሉ ጉድ ያሰኘሁበት ሙያዬ» ብትለው በርዕሱ ውስጥ ዶሮም ወጥም የለም። ሙያዋን የሚያውቅ ደንበኛ ይከፍተዋል፤ የማያውቃት ሙሽራ ግን በበዓል ዋዜማ ስልኳን ይዛ ስትፈልግ አታገኘውም። «የዶሮ ወጥ አሠራር ከ12ቱ ብልት አወጣጥ ጋር» ቢባል ሁለት የተለያዩ ፍለጋዎችን በአንድ መስመር ያስተናግዳል፤ ወጡን መሥራት የሚፈልግና ዶሮውን መበለት ያስቸገረው ሰው ሁለቱም ይደርሱበታል። ርዕሱ ክፍት ቦታው ተቆጥሮ 28 ቁምፊ ብቻ ነው። ይኸው በላቲን ፊደል ቢጻፍ ወደ 40 ይደርሳል። የግዕዝ ፊደል አናባቢውን ከተነባቢው ጋር በአንድ ቁምፊ ስለሚይዝ አማርኛ በዚያው በ100 ቁምፊ ክልል ውስጥ ሰፋ ያለ ነገር ይናገራል።

ይህን ስፋት ግን ርዕስን ለማንዛዛት መጠቀም አይገባም። ስልክ ላይ የሚታየው የርዕሱ መጀመሪያ ነው፤ ቀሪው በነጥብ ይቆረጣል። የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ደግሞ ማሰሪያ አንቀጹን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ረጅም ዓረፍተ ነገር ርዕስ ሆኖ ሲቆረጥ ማን ምን እንዳደረገ ሳይታወቅ ይቀራል፤ ባለጉዳዩ ይታያል፣ ጉዳዩ ይጠፋል። ስለዚህ የስም ሐረግ ለፈላጊ ብቻ ሳይሆን ለስልክ መስኮትም ይስማማል። በየርዕሱ መግቢያ ላይ «ሰበር»፣ «አስደናቂ» ወይም የቻናሉን ስም መደርደር ያቺን ውድ የመጀመሪያ ቦታ ያባክናል። የቻናሉ ስም ከርዕሱ ሥር በራሱ ይታያል፤ ሁለት ጊዜ መጻፍ አያስፈልገውም።

የአማርኛ ቃል ከፊትም ከኋላም ይለብሳል። «ቤት» የሚለው ቃል «ቤቱ»፣ «በቤታችን»፣ «ከየቤቱ»፣ «ለቤቶቻቸው» እየሆነ ሲሄድ ዋናው ቃል በቅጥያ ተሸፍኖ ይደበቃል። ፈላጊ ግን የሚጽፈው ራቁቱን ቃል ወይም «የ» ብቻ የጨመረበትን ነው። «ሽሯችንን እንዲህ አድርገን እንሥራ» የሚል ርዕስ ለጆሮ ይጣፍጣል፤ «ሽሮ» ብሎ የሚፈልገው ሰው የሚጽፈው ቃል ግን በውስጡ ለብቻው አልተቀመጠም። ዋናው ቃል ቢያንስ አንድ ጊዜ ሳይለብስ በርዕሱ ውስጥ ወይም በመግለጫው የመጀመሪያ መስመር ላይ መቀመጥ አለበት።

ከሁሉ የከበደው የሞክሼ ፊደላት ነገር ነው። ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሠ እና ሰ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ ዛሬ በአማርኛ አንድ ድምፅ ይሰጣሉ። ለኮምፒውተር ግን እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቁጥር ያላቸው የተለያዩ ምልክቶች ናቸው። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ በሚባለው የኮምፒውተር ፊደላት ሥርዓት ውስጥ ሲገባ ገበታው በባህላዊ ተራው ተቀመጠ፤ ሠ እና ሰ መካከላቸው ረ ገብቶ እንደሚቀመጡ ሁሉ በኮዱም ውስጥ በ16 ቦታ ይራራቃሉ። ዩኒኮድ አንዱ የሌላው ምትክ ነው የሚል ደንብ የለውም። ለአማርኛ የጽሑፍ ፍለጋ መሣሪያ የሚሠሩ ባለሙያዎች ሞክሼዎችን ወደ አንድ የሚያመጣ ሕግ ለብቻው የሚጽፉት በዚህ ምክንያት ነው። ባለቻናል ግን ይህን ሥራ ሌላ ሰው ሠርቶልኛል ብሎ ማረፍ የለበትም።

የአንድ ወር ስም ይታይ። «ታኅሣሥ» ሁለተኛው ፊደል ኅ፣ ህ ወይም ሕ፣ ሦስተኛው ሣ ወይም ሳ፣ አራተኛው ሥ ወይም ስ ሊሆን ይችላል። ሦስት በሁለት በሁለት ሲባዛ 12 መልክ ይወጣል፤ «ታህሳስ» ከእነዚህ አንዱ ብቻ ነው። በሰው ስም ላይ ሲመጣ ጉዳዩ ይባስ ይሰፋል። የድምፃዊው የጥላሁን ገሠሠ የአባት ስም በሁለቱ የ«ሰ» ፊደላት ብቻ አራት መልክ አለው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ደግሞ በጸ ወይም በፀ፣ በሦስቱ ሀዎች፣ ከዚያም ተለያይቶ፣ ተጋጥሞ ወይም «ገ/መድኅን» ተብሎ አጥሮ ሲጻፍ 18 መልክ ይደርሳል። ይህ ስለ ላቲኑ አጻጻፍ ሳይነሳ ነው። የታላቁን ባለቅኔ ንባብ የያዘ ቪዲዮ ከእነዚህ በአንዱ ብቻ ተሰይሞ ሲቀመጥ የተቀሩትን 17 የሚጽፉ ፈላጊዎች ዕድላቸው ይጠባል።

የትኛው መልክ ርዕስ ላይ ይውጣ የሚለው ያከራክራል። የቋንቋ መምህራን የቃሉን ሥር የጠበቀውን ይመርጣሉ፤ ቻናል የሚያስተዳድሩት ብዙ ሰው የሚጽፈውን። ሁለቱም ወገን እውነት ይዟል፤ የሚሻለውም እንደ ጉዳዩ መለየት ነው። የሰው ስምና የመጽሐፍ ስም ባለቤቱ እንደጻፈው ይውጣ፤ ስም ክብር ነውና። የዕለት ተዕለት ቃል ሲሆን ሰው በብዛት የሚጽፈው መልክ ርዕስ ላይ ቢሆን ነውር የለውም፤ «አሰራር» በሰ ስለተጻፈ ወጡ አይበላሽም። የተቀረው መልክ በመግለጫና በታግ ይሟላል።

ብዙ አማርኛ ተናጋሪ ደግሞ በግዕዝ ፊደል አይፈልግም። በአሜሪካና በአውሮፓ የተወለዱ ልጆች ቋንቋውን በጆሮ ይዘው ፊደሉን ሳይማሩ የሚያድጉ አሉ፤ ፊደሉን የሚያውቁም ቢሆኑ ስልካቸው ላይ የአማርኛ ኪቦርድ ሳይጫን ይቀራል። እነዚህ የሚጽፉት በላቲን ነው፤ እዚያም ቢሆን አጻጻፉ አንድ አይደለም። «ወጥ» ከደብሊው ቀጥሎ በኤ፣ በኢ ወይም በኦ ይጻፋል፤ «እንጀራ» አንዱ በአይ፣ ሌላው በኢ ይጀምረዋል፤ «ገሠሠ» ኤሱ አንዴ በነጠላ፣ አንዴ በድርብ ይወጣል። በእስራኤል ጉዳዩ ሦስት ፊደል ይሆናል። የቤተ እስራኤል በዓል የሆነው ስግድ በ2008 እ.ኤ.አ. በእስራኤል ፓርላማ ሕግ የመንግሥት በዓል ሆኗል፤ ስለ በዓሉ የተቀረጸ ቪዲዮ አያት በግዕዝ ፊደል፣ ልጅ በዕብራይስጥ፣ ዘመድ ከአሜሪካ በላቲን ሊፈልጉት ይችላሉ። ዩቲዩብ ስቱዲዮ ለአንድ ቪዲዮ በተለያዩ ቋንቋዎች ርዕስና መግለጫ ማስገቢያ አለው፤ ቪዲዮው ሳይደገም ለእንግሊዝኛና ለዕብራይስጥ ተመልካች በየቋንቋው ስም ይሰጠዋል። በላቲን የተጻፈ አማርኛ ግን ትርጉም ስላልሆነ ቦታው መግለጫውና ታጉ ነው።

አንዳንድ ቃል አጻጻፉ አንድ ሆኖ ትርጉሙ ብዙ ነው። አማርኛ መጥበቅና መላላትን በጽሑፍ አያሳይም። «ገና» በዓሉም ነው፣ ጨዋታውም ነው፣ «ገና አልመጣም» የሚባለውም ነው። «ዋና» ውኃ ውስጥም አለ፣ ዋና ሥራ አስኪያጅ ላይም አለ። እንዲህ ያለ ቃል ብቻውን ርዕስ መሆን አይችልም፤ «የገና በዓል በላሊበላ»፣ «ዋና ለጀማሪዎች፣ በውኃ ላይ መንሳፈፍ» እየተባለ ጎረቤት ቃል ሊሰጠው ይገባል።

የዘመን አቆጣጠርም እንዲሁ ያሳስታል። የኢትዮጵያ ዘመን ከጎርጎርዮሳዊው በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ይዘገያል። «የ2017 ፋሲካ» የሚል ርዕስ አዲስ አበባ ላለ ሰው የአንድ ዓመት፣ ዋሽንግተን ላለ ዘመዱ የሌላ ዓመት በዓል ነው። «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» የምትለው ጥቂት ፊደል ብዙ ግራ መጋባት ታስቀራለች። በቀጥታ የሚተላለፍ ዝግጅት ከሆነ ሰዓቱም በመግለጫው ላይ በሁለቱም አቆጣጠር መጻፍ አለበት፤ የምሽቱ 2 ሰዓት በውጭው አቆጣጠር የምሽቱ 8 ሰዓት ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክሶች ዘንድ የጾምና የበዓል ወቅት የፍለጋውን ዓይነት ስለሚለውጥ፣ ለ55ቱ የዓቢይ ጾም ቀናት የሚሆን የምግብ ቪዲዮ «የጾም» የሚለውን ቃል በርዕሱ ይዞ ጾሙ ከመግባቱ በፊት መውጣት ይኖርበታል።

መግለጫ ብዙ ባለቻናሎች የሚንቁት ቦታ ነው፤ ሰብስክራይብ አድርጉ፣ ላይክ አድርጉ የሚለው ልመናና የስልክ ቁጥር ይሞላዋል። ያሳዝናል፤ ቪዲዮው ስለ ምን እንደሆነ በአግባቡ ለመናገር ያለው ሰፊ ቦታ እሱ ብቻ ነውና። ተመልካቹ ካልከፈተው በቀር የሚታዩት የመጀመሪያዎቹ መስመሮች ናቸው። ስለዚህ ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ የሚሉት እዚያ ይመለሱ። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከውን «ፍቅር እስከ መቃብር» የመሰለ ሥራ ሲቀመጥ የመጽሐፉ ስም፣ የደራሲው ስም፣ የተራኪው ስምና የክፍሉ ቁጥር በመጀመሪያው መስመር ላይ ሊኖሩ ይገባል። አንዱ የሚያስታውሰው ድምፁን ነው፣ ሌላው ታሪኩን፣ ሦስተኛው ደራሲውን። የደራሲው ስም ራሱ «ሀዲስ»፣ «ሐዲስ» እና «አዲስ» ተብሎ፣ ከዚያም «ዓለማየሁ» ወይም «አለማየሁ» ተብሎ ስለሚጻፍ መግለጫው ውስጥ አንዱ በአንደኛው ዓረፍተ ነገር፣ ሌላው ታች ባለው አንቀጽ ቢገባ ንባቡን አያውክም። ተከታታይ ሥራ ከሆነ የክፍል ቁጥር አጻጻፉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ይሁን፤ አንዴ «ክፍል 3»፣ አንዴ «ክ.3»፣ አንዴ «ሦስተኛ ክፍል» ሲሆን ተከታታዩ ይበተናል።

የመግለጫው ወሰን ለአማርኛ እንደሚመስለው ሰፊ አይደለም። ወሰኑ በተለምዶ በቁምፊ ቢነገርም፣ ዩቲዩብ ለፕሮግራም ሠሪዎች ባወጣው መመሪያ መግለጫው የሚለካው በባይት ሲሆን ጣሪያው 5000 ባይት ነው። አንድ የግዕዝ ቁምፊ በዩቲኤፍ ስምንት አጻጻፍ 3 ባይት ይወስዳል፤ የላቲን ፊደል አንድ ብቻ። በዚህ ስሌት ሙሉ በሙሉ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ መግለጫ 1,666 ቁምፊ ላይ ይሞላል። ለአንድ ቪዲዮ በቂ ነው፤ ለየቪዲዮው እየተገለበጠ ለሚለጠፍ ረጅም ማስታወቂያ ግን አይበቃም።

ረጅም ቪዲዮ በምዕራፍ ሊከፈል ይችላል። አሠራሩ ቀላል ነው፤ መግለጫው ውስጥ ከ00:00 ጀምሮ ቢያንስ ሦስት የሰዓት ምልክቶች በቅደም ተከተል ይጻፋሉ፣ ከየምልክቱ ቀጥሎ የምዕራፉ ስም ይከተላል፣ እያንዳንዱም ምዕራፍ ከ10 ሰከንድ ማነስ የለበትም። «ሽንኩርት ማቁላላት»፣ «በርበሬ መጨመር»፣ «ብልት አወጣጥ» ተብሎ የተከፋፈለ የአንድ ሰዓት ቪዲዮ ተመልካቹ የሚፈልገው ቦታ ላይ በቀጥታ ያደርሰዋል። ሃሽታግን በተመለከተ ከመግለጫው ወደ ርዕሱ አጠገብ የሚወጡት ቢበዛ ሦስት ናቸው፤ ከዚያ በላይ መደርደር ጥቅሙ ትንሽ ነው።

ስለ ታግ የሚነገረውና እውነቱ ይራራቃሉ። ቪዲዮን ወደ ላይ የሚያወጡ ምስጢራዊ ታጎች አሉ እየተባለ ዝርዝራቸው በገንዘብ ይሸጣል። ዩቲዩብ ራሱ ግን ታግ ቪዲዮ በመገኘቱ ላይ ያለው ድርሻ አነስተኛ እንደሆነ፣ የሚጠቅመውም በተለይ ሰዎች አጻጻፉን በሚሳሳቱት ቃል ላይ እንደሆነ በግልጽ ይናገራል። ይህ ለእንግሊዝኛ ባለቻናል ታግን መርሳት ይቻላል ማለት ሊሆን ይችላል። ለአማርኛ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ አጻጻፉ በየሰዉ የሚለያይ ቃል ሞልቶናል። የአማርኛ ታግ እውነተኛ ሥራ ይህን ክፍተት መሙላት ነው። ለዶሮ ወጡ ቪዲዮ «የዶሮ ወጥ አሠራር»፣ «የዶሮ ወጥ አሰራር»፣ «ዶሮ ወጥ»፣ «ዶሮ ወት»፣ «የዶሮ ብልት አወጣጥ»፣ ከዚያም የላቲኑ ሦስት አጻጻፎች ቢገቡ ታጉ ሥራውን ጨርሷል። «ኢትዮጵያ»፣ «አዲስ»፣ «2018»፣ «ምርጥ» የሚሉ ጠቅላላ ቃላት ማንንም ወደ ማንም አያደርሱም። ክፍት ቦታ ያለው ታግ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ እንዳለ ተቆጥሮ ሁለት ቁምፊ እንደሚጨመርበት፣ ነጠላ ሰረዙም እንደሚቆጠር ማወቅ 500ውን ለመጠቀም ይረዳል። ታጎችን ገልብጦ መግለጫው ውስጥ መከመር ግን በዩቲዩብ ደንብ የተከለከለ ነው።

ፈላጊ ምን እንደሚጽፍ በግምት መወሰን አያስፈልግም፤ የሚታይበት ቦታ አለ። ፍለጋ ሳጥኑ ውስጥ «የዶሮ» ብሎ ጀምሮ ቆም ማለት ሰዎች ቀጥለው የሚጽፉትን ያሳያል፤ የራስ የእይታ ታሪክ እንዳይቀላቀል ከአካውንት ወጥቶ መሞከር ይሻላል። ጉግል ትሬንድስ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለውን የዩቲዩብ ፍለጋ ለይቶ ስለሚያሳይ ሁለት አጻጻፎችን ጎን ለጎን ማወዳደር ይቻላል። ከሁሉ የሚታመነው የቻናሉ የራሱ ስታቲስቲክስ ነው፤ ስቱዲዮ ተመልካች በየትኛው ቃል ፈልጎ እንደመጣ ቃሉን ራሱን ይዘረዝራል። እዚያ ያልተጠበቀ አጻጻፍ ከተገኘ ወደ መግለጫው ማስገባት ነው። በኩባንያው ገለጻ ከቻናሎችና ከቪዲዮዎች ግማሾቹ የጠቅታ ምጣኔያቸው፣ ማለትም ከታዩበት ጊዜ ውስጥ የተከፈቱበት ድርሻ፣ ከ2 እስከ 10 በመቶ ነው፤ ቪዲዮው በፍለጋ እየታየ የሚከፍተው ከጠፋ ጉድለቱ ብዙውን ጊዜ በርዕሱና በታምብኔይሉ ላይ ነው።

«ሰበር» የሚለው ቃል በአማርኛ ርዕሶች ላይ እስኪያልቅ ተሠርቶበታል። የሳምንት ወሬ ሰበር ይባላል፤ ታዋቂ ዘፋኝ በሕይወት እያለ በርዕስ ይገደላል፤ ቪዲዮው ውስጥ የሌለ ሰው ፎቶ ታምብኔይል ላይ ይወጣል። ይህ በዩቲዩብ ደንብ አሳሳች ርዕስና መግለጫ ተብሎ የተከለከለ ሲሆን በ90 ቀን ውስጥ ሦስት ጊዜ ቅጣት የተመዘገበበት ቻናል ይዘጋል። ከቅጣቱ በላይ ግን ጉዳቱ በቋንቋው ላይ ነው። እውነተኛ አደጋ ሲደርስ፣ ጎርፍ ወይም ወረርሽኝ ሲመጣ፣ ሰው የሚያምነው ቃል አጥቶ ይቀራል። መድኃኒትን፣ ሕክምናንና የስደት መንገድን በሚመለከት ቪዲዮ ላይ አሳሳች ርዕስ መስጠት ሕይወት ሊያስከፍል የሚችል ጥፋት ነው።

ዩቲዩብ ላይ የአማርኛ ብዙ ቅርስ ተቀምጧል፤ የድሮ ዘፈን፣ የሬዲዮ ትረካ፣ የገጠር ሠርግ፣ የሽማግሌ ምስክርነት። ብዙዎቹ «ቪዲዮ 0034» ወይም «የድሮ ምርጥ» ተብለው፣ የዘፋኙ ስምና የቀረጻው ዓመት ሳይጻፍ ተኝተዋል። ዘፋኙን የሚያውቁት ሰዎች በሕይወት ሳሉ ስሙ መጻፍ አለበት። ርዕስ፣ መግለጫና ታግ ቪዲዮው ከወጣ ከብዙ ዓመት በኋላም ይታረማሉ፤ ሲታረሙ የቪዲዮው አድራሻም፣ የተመልካቹም ቁጥር፣ ከሥሩ የተጻፈውም አስተያየት እንደነበረ ይቆያል።